«ስታንድ ባይ ሚ»ን በአንድ ጊታር፦ ከቤዙ እስከ ማሳረጊያው

ጊታር አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግ ላይ እጫወታለሁ። ሁለቱም ቦታ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ «ስታንድ ባይ ሚን በራሴ መንገድ መጫወት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» አንዱ ለእህቱ ሰርግ ነው፣ ሌላዋ ለዩቲዩብ ነው። አንዱማ ለፍቅረኛው ልደት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የደወለልኝ። ለእያንዳንዱ የአሥር ደቂቃ የድምፅ መልእክት መላክ ሰለቸኝና ጻፍኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አራት ኮርድ ነው። ግጥሙ ላይም አዝማቹ ላይም ያው ኮርድ በያው ቅደም ተከተል ይዞራል። ስለዚህ ኮርዱን የያዘ ሰው ዘፈኑን የያዘ ይመስለዋል። አልያዘም። ሥራው ያለው ምን መቼ ይገባል፣ ምን መቼ ዝም ይላል የሚለው ላይ ነው።

መመሪያው ጂ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ማይነርን ሳያይ መያዝ ለሚችል ሰው ነው። እነሱ ገና ከሆኑ መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ። ከቻላችሁ ግን በቀን ግማሽ ሰዓት እየሠራችሁ ሁለት ሳምንት ይበቃችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጊታር። የብረት ክርም የናይለን ክርም ይሆናል።
- ካፖ፣ የጊታሩ አንገት ላይ ታስሮ ክሮቹን የሚጫነው መቆንጠጫ። ያለ ካፖም ይሠራል፣ ግን ለድምፃችሁ የሚሆነውን ከፍታ መፈለግ ላይ ትቸገራላችሁ።
- ጊታር መቃኛ። የስልክ አፕ በቂ ነው።
- ሜትሮኖም፣ ምት የሚቆጥርላችሁ። ይሄም ስልክ ላይ አለ፣ በነፃ።
- ወረቀትና እርሳስ። አትሳቁ፣ ደረጃ 8 ላይ ያስፈልጋል።
- ለቀረጻ ስልክ፣ አንድ ወንበር እና ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ዘፈን መያዛችሁን አረጋግጡ

የምንሠራው አሜሪካዊው ዘፋኝ ቤን ኢ ኪንግ በ1961 ያወጣውን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የሚጀምረው በቤዝ ነው፣ ዘፋኙ የሚገባው ወደ 16ኛው ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህን ካልሰማችሁ ሌላ ነገር እየሰማችሁ ነው።

ለምን ይሄን እንደ ደረጃ ቆጠርኩት? ኦኤሲስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1997 ያወጣው «ስታንድ ባይ ሚ» የሚባል ፍጹም ሌላ ዘፈን አለ። ስሙ እንጂ ዜማውም ግጥሙም አይገናኝም። አንድ ተማሪዬ አንድ ሳምንት ሙሉ እሱን ተለማምዶ መጣ። በጣም ጥሩ አድርጎም ይዞታል። ምን ልበለው?

የካራኦኬ ሙዚቃም ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ለዘፋኝ እንዲመች የዘፈኑ የድምፅ ከፍታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ተቀይሮ የተሠሩ ናቸው። እሱን እየሰማችሁ ጊታራችሁን ብታስማሙ ኋላ ከኦሪጂናሉ ጋር ስትሞክሩት አይገጥምም፣ ጥፋቱም የጆሯችሁ ይመስላችኋል።

ደረጃ 2፦ አምስት ቅጂ ስሙ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ

ይህን ዘፈን ያልነካው የለም። ሁሉንም ለመስማት ብትነሱ ጊታሩን ሳትነኩ ወሩ ያልቃል። እኔ የማሰማው አምስት ነው። ዝም ብላችሁ አትስሙ፣ የምትፈልጉትን ይዛችሁ ስሙ።

ኦሪጂናሉ ላይ ቫዮሊኖቹ መቼ እንደሚገቡ ስሙ። መጀመሪያ የሉም። መጀመሪያ ያለው ቤዝ፣ እንደ ትንሽ ደወል የምትጠራ ትሪያንግልና ነገር ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት የምት ድምፅ ነው። ቫዮሊኖቹ ከገቡ በኋላ ቀስ በቀስ ያድጉና መሀል ላይ፣ ዘፋኙ ዝም ሲል፣ ቦታውን እነሱ ይረከባሉ። ኮርዱ ግን አልተነካም። የዘፈኑ ምሥጢር እሱ ነው።

ጆን ሌነን በ1975 የሠራው ላይ የድምፁን ጉልበት ስሙ። ቤዙ ሳይሆን የሚገረፈው ጊታር ነው ፊት የሚወጣው። ያው አራት ኮርድ ሰውዬው ሲጮህበት ምን እንደሚሆን ታያላችሁ።

ፕሪንስ ሮይስ በ2010 ባቻታ፣ ማለትም የዶሚኒካን የዳንስ ሙዚቃ፣ አድርጎታል፤ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ቀላቅሎ። እዚህ ላይ ምቱን ብቻ ስሙ። ዜማው ያው ሆኖ ምቱ ሲቀየር ዘፈኑ ሰው ወደ መደነሻው ወለል ይጠራል።

ትሬሲ ቻፕማን በ2015 አሜሪካ ውስጥ በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ሾው ላይ ብቻዋን በአንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውታዋለች። እናንተ ልትሠሩት ካሰባችሁት ጋር የሚቀርበው ይሄ ነው። ስንት ቦታ ላይ ምንም እንደማትጨምር ቁጠሩ።

የመጨረሻው ካረን ጊብሰን የመራችው ኪንግደም ኳየር የተባለው የመዘምራን ቡድን ነው፤ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በልዑል ሃሪና በሜጋን ማርክል ሰርግ ላይ የዘመሩት። ሙሽሮቹ ቀለል እንዲል ስለፈለጉ ቅንብሩን ደጋግመው ነው ያሳነሱት። ለሰርግ የምትዘጋጁ ከሆነ ፍጥነቱን ከዚህ ውሰዱ። ለሙሽሮች መግቢያ የኦሪጂናሉ ፍጥነት ያስሮጣል።

ደረጃ 3፦ ለድምፃችሁ የሚሆነውን ከፍታ ምረጡ፣ ከአዝማቹ ተነስታችሁ

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ዘፈኑ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። «ኧረ ቀላል ነው» ትላላችሁ። አዝማቹ ሲመጣ ዜማው ይወጣል፣ እናንተም አብራችሁ መውጣት አለባችሁ። ጀማሪ እያለሁ አንድ ሰርግ ላይ የመጀመሪያውን ግጥም አንጀት በሚበላ ድምፅ ዘፍኜ አዝማቹ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ሚዜዎቹ አብረውኝ ጮኸው አዳኑኝ። ቪዲዮው ግን አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. የጂ ቅርጽን ተጠቀሙ፦ ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ። ካፖ ሳታደርጉ አዝማቹን ብቻ ዝፈኑ።

ለ. ከቀለላችሁ ካፖውን አንደኛው ፍሬት ላይ አድርጉና ድገሙ። ከዚያ ሁለተኛው ላይ። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስትደርሱ ከኦሪጂናሉ ጋር እኩል ናችሁ፤ ኤ ሜጀር ማለት ነው።

ሐ. አንገታችሁ የተወጠረበት ቦታ ላይ ቁሙና አንድ ፍሬት ተመለሱ። የናንተ ያ ነው።

መ. አሁን የመጀመሪያውን ግጥም ዝፈኑ። ድምፃችሁ ታች ጠፍቶ ሹክሹክታ ከሆነ በጣም ወርዳችኋል፣ ትንሽ ውጡ።

ሴት ተማሪዎቼ ብዙዎቹ የሲ ቅርጽ ይመቻቸዋል፦ ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ። እሱም ካልበቃ በዚያው ላይ ካፖ ሁለት።

ማስጠንቀቂያ፦ ካፖ ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ጊታሩን እንደገና ቃኙ። ካፖ ክሩን ስለሚጎትት ድምፁ ትንሽ ይወጣል። ካፖውን ከፍሬቱ ብረት አጠገብ አድርጉት፤ መሀል ላይ ካደረጋችሁት ክሩ ይንጫጫል።

ደረጃ 4፦ ዙሩን ቁጠሩ

ባር ስል መጠጥ ቤቱን አይደለም፤ አራት ምት አንድ ባር ነው። የዚህ ዘፈን አንድ ዙር ስምንት ባር አለው፦

ጂ – ጂ – ኢ ማይነር – ኢ ማይነር – ሲ – ዲ – ጂ – ጂ

ጂ ሁለት ባር፣ ኢ ማይነር ሁለት ባር፣ ሲ አንድ፣ ዲ አንድ፣ መጨረሻ ጂ ሁለት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው። ግጥሙ ሁለት ዙር ይወስዳል፣ አዝማቹ አንድ።

አሁን የሚያስተውን ነገር ተመልከቱ። ዙሩ በጂ ያልቃል፣ አዲሱ ዙር በጂ ይጀምራል። ስለዚህ ሲያያዙ አራት ባር በተከታታይ ጂ ነው። ጀማሪ እዚህ ላይ ይሰለቸውና ከሦስት ባር በኋላ ወደ ኢ ማይነር ይዘላል። ዘፋኙ ሌላ ሰው ከሆነ እዚያው ተለያያችሁ።

ሜትሮኖሙን በደቂቃ 80 ምት ላይ አድርጉና ኮርዱን በየባሩ አንድ ጊዜ ብቻ እየመታችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፦ «አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፣ ሦስት ሁለት ሦስት አራት…» የባሩን ቁጥር መጀመሪያ ላይ መጥራት ነው። ያፍራል፣ አውቃለሁ። በሩን ዝጉ። አሥር ዙር ሳትስቱ ከቻላችሁ ፍጥነቱን በአሥር በአሥር ጨምሩ። የኦሪጂናሉ ፍጥነት 118 አካባቢ ነው። በዚያ ፍጥነት አንድ ዙር 16 ሰከንድ ይሆናል፤ ዘፋኙ በ16ኛው ሰከንድ የሚገባውም ቤዙ አንድ ዙር ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 5፦ ቤዙን በአውራ ጣት አውጡ

እዚህ ላይ ቆይታ እናደርጋለን። ሰው ይህን ዘፈን በሁለት ሰከንድ የሚያውቀው በቤዙ ነው። ቤዙን ትታችሁ ኮርዱን ብትገርፉ በነዚሁ አራት ኮርዶች ከተሠሩት ብዙ ዘፈኖች አንዱ ይሆናል።

መጀመሪያ ጊታሩን አስቀምጡና በእጃችሁ ጠረጴዛ ምቱ። እንዲህ ቁጠሩ፦

አንድ – እና – ሁለት – እና – ሦስት – እና – አራት – እና

የምትመቱት አራት ቦታ ነው፦ «አንድ» ላይ፤ ከ«ሁለት» ቀጥሎ ያለው «እና» ላይ፤ «አራት» ላይ፤ የመጨረሻው «እና» ላይ። ዱም… ዱም… ዱ–ዱ፣ ዱም… ዱም… ዱ–ዱ።

«ሦስት» ላይ ምንም የለም። ምንም! እጃችሁ ይበላችኋል፤ አትምቱ። ያቺ ክፍት ቦታ ናት ዘፈኑን የምታስረግጠው። ሦስት ላይ ከመታችሁ ሰልፍ ይሆናል።

አሁን ጊታሩን ያዙ። ዱም የሚሉት ሁለቱ የኮርዱ ራስ ኖታ፣ ማለትም ኮርዱ ስሙን ያገኘበት ኖታ፣ ናቸው፦

- ጂ፦ 6ኛው ክር፣ 3ኛ ፍሬት
- ኢ ማይነር፦ 6ኛው ክር፣ ባዶ
- ሲ፦ 5ኛው ክር፣ 3ኛ ፍሬት
- ዲ፦ 4ኛው ክር፣ ባዶ

ዱ–ዱ የሚሉት ደግሞ ወደሚቀጥለው ባር የሚወስዱ መሰላሎች ናቸው፦

- ከጂ ወደ ጂ፦ 6ኛው ክር ባዶ፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት
- ከጂ ወደ ኢ ማይነር፦ 6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት
- ከኢ ማይነር ወደ ኢ ማይነር፦ 6ኛው ክር ባዶ፣ ሁለት ጊዜ
- ከኢ ማይነር ወደ ሲ፦ 5ኛው ክር ባዶ፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት
- ከሲ ወደ ዲ፦ 5ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ ከዚያ 3ኛ ፍሬት
- ከዲ ወደ ጂ፦ 6ኛው ክር ባዶ፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት

ይህ ለአንድ ጊታር ብዬ ያቀለልኩት ነው፣ ኦሪጂናሉ ላይ ያለው ቤዝ ኖታ በኖታ አይደለም። ሰው ግን ሲሰማው ወዲያው ያውቀዋል።

በሲ ቅርጽ የምትጫወቱ ራሶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሲ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ ኤ ማይነር 5ኛው ክር ባዶ፣ ኤፍ 4ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ ጂ 6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት። መሰላሎቹን በዚያው ስሌት ራሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ፤ ከታች ወይም ከላይ ሁለት ኖታ ተራምዳችሁ ራሱ ላይ መድረስ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ኮርድ አትያዙ። ቤዙን ብቻ፣ በ70 ምት፣ ሁለት ቀን። ሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥን እያያችሁ መጫወት ከቻላችሁ አልፋችኋል።

ደረጃ 6፦ ሌሎቹን ጣቶች አስገቡ

አሁን ኮርዱን ያዙ። አውራ ጣት ቤዙን ይቀጥላል። ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት 3ኛውን፣ 2ኛውንና 1ኛውን ክር አንድ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋሉ፣ «ሁለት» እና «አራት» ላይ ብቻ። ቆንጥጣችሁ ወዲያው ጣታችሁን ክሩ ላይ መልሱና ድምፁን ግደሉት። አጭር መሆን አለበት፣ «ቸክ» እንደማለት። ረጅም ከለቀቃችሁት ያቺን የሦስትን ክፍት ቦታ ይሞላባችኋል፣ ያን ሁሉ ልፋት በከንቱ።

«አራት» ላይ አውራ ጣትና ሦስቱ ጣቶች አብረው ነው የሚወርዱት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናቀፋል። አንድ ባር ብቻ ቆርጣችሁ ሃምሳ ጊዜ ድገሙ።

ከሲ ወደ ዲ የሚወስደው መሰላል ላይ የሲን ኮርድ ቀድማችሁ መልቀቅ አለባችሁ። ልቀቁት፣ ግዴለም። የቤዙ መሰላል እየሄደ ከሆነ ኮርዱ ለግማሽ ምት ቢጠፋ ማንም አያስተውልም።

ደረጃ 7፦ ዝፈኑበት

መጀመሪያ ሳትዘፍኑ ግጥሙን እያነበነባችሁ ተጫወቱ። ቤዙና ወሬው አብረው ከሄዱ ዜማው ይከተላል። ወዲያው መዝፈን ከጀመራችሁ አውራ ጣታችሁ ዜማውን መከተል ይጀምራል፣ ቤዙ ይፈርሳል።

አሁን ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚሆን ነገር። እኛ ቃል በ«ስት» ሲጀምር ፊቱ ላይ «እ» እንጨምራለን። «እስታንድ» እንላለን። ስናወራ ችግር የለውም። ስንዘፍን ግን ያቺ «እ» አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሆነች ምቱን እሷ ትይዘውና «ታንድ» የሚለው ዘግይቶ ይደርሳል። ኦሪጂናሉ ላይ ግን ምቱ ላይ የሚያርፈው «ታ» ነው።

መድኃኒቱ፦ «ስስስ» የሚለውን ከምቱ በፊት ጀምሩት፣ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው። ከዚያ «ታ»ን ምቱ ላይ ጣሉት። ስስስ–ታንድ። ጊታር ሳትይዙ እግራችሁን መሬት እየመታችሁ ሃያ ጊዜ በሉት። አንዲት ተማሪዬ ይሄን ብቻ አስተካክላ «ድምፅሽ ተቀየረ» ተባለች። ድምፅዋ ያው ነው፤ በሰዓቱ መድረስ ጀመረች እንጂ።

ትንፋሽ የምትወስዱት ዘፈኑ በራሱ በሰጣችሁ ክፍት ቦታ ነው። በየስንኙ መጨረሻ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዜማ አትቀጥሉበት፣ ቤዙ ይሰማ።

ደረጃ 8፦ ቅንብሩን ወረቀት ላይ አውጡ

ኮርዱ ስለማይቀየር ሰሚው «ዘፈኑ ወዴት እየሄደ ነው?» የሚለውን የሚያውቀው በሚጨመረውና በሚቀነሰው ነው። ኦሪጂናሉን በዙር ብትቆጥሩት ወደ አሥራ አንድ ዙር ነው። በወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ሳጥን ሥሩና በእያንዳንዱ ውስጥ ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። የኔ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦

- ዙር 1፦ ቤዝ ብቻ
- ዙር 2 እና 3 (ግጥም)፦ ቤዝና ድምፅ፣ ሌላ ምንም
- ዙር 4 (አዝማች)፦ ጣቶቹ ይገባሉ
- ዙር 5 እና 6 (ግጥም)፦ ቤዝና ጣት፣ ጸጥ ባለ እጅ
- ዙር 7 (አዝማች)፦ ግርፍ፣ ሙሉ ኮርድ
- ዙር 8 እና 9፦ ሶሎ፣ ወይም ማፏጨት
- ዙር 10 (አዝማች)፦ ጊታሩ ዝም፤ ጭብጨባና ድምፅ ብቻ
- ዙር 11 (አዝማች)፦ ሁሉም ተመልሶ፣ ማሳረጊያ

ዙር 10 ላይ ጊታሩን ማቆም ያስፈራል። ሞክሩት። ሰርግ ላይ ሰው አብሮ የሚዘፍነው እዚያ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሚሸፍነው ነገር የለም።

በሳጥኖቹ ውስጥ የጻፋችሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ዙር ቀንሱ። ሁለት ደቂቃ የሆነ ጥሩ ነገር ሦስት ደቂቃ ከሆነ ድግግሞሽ ይሻላል።

ደረጃ 9፦ አንድ ነገር ቀይሩ፣ አንድ ብቻ

«በራሴ መንገድ» የሚለው ጥያቄ መልስ ይሄ ነው። ፍጥነቱን፣ ምቱን፣ ወይም የሚጫወተውን መሣሪያ ቀይሩ። ሦስቱንም ከቀየራችሁ ሰው የሚይዘው አጥቶ «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል። ደረጃ 2 ላይ የሰማችኋቸው ሁሉ የሆነ ነገር ይዘው ነው ሌላውን የለቀቁት።

ሶሎ ለምትፈልጉ ቀላል መንገድ አለ። በጂ ቅርጽ እየተጫወታችሁ ከሆነ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ኖታዎችን ተጠቀሙ። እነዚህ አምስቱ የትዝታ ሜጀር ናቸው፤ ጆሯችሁ ያውቃቸዋል። በአራቱም ኮርድ ላይ ይሄዳሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ዲ ኮርድ ላይ ስትደርሱ ጂ ኖታ ላይ ቆማችሁ አትቅሩ፣ ይቆረቁራል። ወደ ኤ ወይም ወደ ዲ እለፉ። እና ደግሞ በትዝታ ማንጎራጎር ሲጣፍጣችሁ ዙሩን አትርሱ። ሁለት ዙር፣ 32 ሰከንድ ያህል ነው፣ ከዚያ ዘፋኙ ይገባል።

ወደ ችክችካ መቀየርም ይቻላል። ግን የደረጃ 5ን ቤዝ እንዳለ አትውሰዱት፤ አራት ምት ላይ የተቆረጠ ልብስ ስድስት ላይ አይገጥምም። ቤዙን ከባዶ ሥሩት።

ደረጃ 10፦ በስልክ ቅረጹ

ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉ። ፍሪጁን ከመሰኪያው ንቀሉ። ይሄን የምለው አንዴ ቆንጆ ቀረጻ ከጨረስኩ በኋላ ሥሩ «ምምምም» የሚል ድምፅ ስላገኘሁ ነው፤ ፍሪጁ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስትጨርሱ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ።

ባዶ ግድግዳ ያለበት ክፍል ያስተጋባል። ከፊታችሁ ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስልኩን ወንበር ላይ አቁሙት፤ ከጊታሩ 40 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፣ አቅጣጫው ጊታሩ አንገት ከአካሉ ወደሚገናኝበት ይሁን። ወደ ቀዳዳው ካዞራችሁት ቤዙ ይጎርፍና ሁሉንም ይውጣል። ድምፃችሁ ካነሰ ስልኩን አታቅርቡት፣ ከፍ አድርጉት።

ሙሉውን ከመቅረጻችሁ በፊት የምትጮሁበትን አዝማች አሥር ሰከንድ ቅረጹና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከተሰነጠቀ ራቅ በሉ። ግጥሙን ብቻ ሞክሮ «ደህና ነው» ያለ ሰው አዝማቹ ላይ ይቃጠላል።

ደረጃ 11፦ ከመልቀቃችሁ በፊት

ዘፈኑ ገና በቅጂ መብት ሥር ነው። ደራሲዎቹ ቤን ኢ ኪንግ፣ ጄሪ ሊበር እና ማይክ ስቶለር ናቸው፤ መግለጫው ላይ ስማቸውን ጻፉ። ስም መጻፍ ግን ፈቃድ አይሆንም፣ ሁለቱን አታምታቱ።

ሁለት መብት እንዳለ እወቁ። አንዱ የዜማና የግጥሙ ነው፣ ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው። እናንተ ራሳችሁ ከተጫወታችሁት ሁለተኛውን አልነካችሁም። ከኦሪጂናሉ ላይ ድምፁን አጥፍታችሁ በሙዚቃው ላይ ከዘፈናችሁ ግን ሁለቱንም ነክታችኋል። አታድርጉት።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ጊዜ ወጥቶ የተሸጠን ዘፈን እንደገና ተጫውቶ በድምፅ ለማውጣት ባለቤቱ ሊከለክል የማይችለው የፈቃድ ዓይነት አለ፤ የተወሰነውን ክፍያ መክፈል ነው። ቪዲዮ ሲሆን ግን ሌላ ፈቃድ ነው፣ እሱን ባለቤቱ ሊከለክል ይችላል። ዩቲዩብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሥርዓቱ ዘፈኑን ለይቶ የማስታወቂያውን ገቢ ለባለመብቱ ማዞሩ ነው። መልእክት ቢመጣላችሁ አትደንግጡ፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ግጥሙን ወደ አማርኛ መልሶ መዝፈን ደግሞ የሚጠየቀኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለቤተሰብ ድግስ ማን ይጠይቃችኋል። ለማውጣት ከሆነ ግን ትርጉም እንደ አዲስ ሥራ ስለሚቆጠር ከላይ ያለው ክፍያ አይሸፍነውም፤ ከባለመብቱ በቀጥታ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

*እየፈጠኑ መሄድ።* ዙሩ ስለሚደጋገም እጅ ይሰለቸዋል፣ ሲሰለቸው ይሮጣል። ቀረጻችሁን ስሙ፤ የመጀመሪያው ዙርና የመጨረሻው ዙር የወሰዱትን ሰከንድ አወዳድሩ። ከአንድ ሰከንድ በላይ ከተለያዩ ሜትሮኖም ላይ ተመለሱ።

*ሁሉንም ከመጀመሪያው መስጠት።* በዙር 2 ላይ እየገረፋችሁ ከሆነ ለአዝማቹ ምን ቀራችሁ?

*ጌጥ ማብዛት።* በየስንኙ መጨረሻ ድምፅ ማንቀጥቀጥ። አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ።

*ኢ ማይነርን በጂ መተካት።* ሁለቱ ሁለት ኖታ ስለሚጋሩ ጀማሪ ጆሮ ይታለላል። ቤዙ ወደ ባዶው 6ኛ ክር ካልወረደ ተሳስታችኋል።

*ማሳረጊያ አለማዘጋጀት።* ኦሪጂናሉ እየደከመ፣ እየራቀ ነው የሚያልቀው። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሰው ድምፁን ቀስ እያለ ዝቅ ያደርጋል። እናንተ መድረክ ላይ ይሄን ማድረግ አትችሉም። አንድ ጓደኛዬ መውጫ አጥቶ አዝማቹን ስድስት ጊዜ ደገመው፤ ሙሽራው ተነስቶ ማይኩን ተቀበለው። ስለዚህ ዙር 11 ላይ እንዲህ ጨርሱ፦ ዲ ባር ላይ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ዱ–ዱ የምትለውን መሰላል ከወትሮው በእጥፍ ዘግይታችሁ ውጡ፣ ጂ ላይ ስትደርሱ «አንድ» ላይ ሙሉ ኮርዱን አንድ ጊዜ ምቱና ልቀቁት። ሁለተኛ አትምቱ። ክሩ በራሱ እስኪጠፋ እጃችሁን ከጊታሩ ላይ አታንሱ፤ ካነሳችሁ ሰው ሳያልቅ ማጨብጨብ ይጀምራል።